የእህቴ ቴሌግራም ተወሰደ፤ በስሟ ብር እየተለመነ ነው (ጎንደር)

አራዳ_ጨርቅ | ሐሙስ ከሰዓት 9፡40

ሰላም ለቤቱ። እኔ አራዳ ገበያ ጨርቅ ነው የምሸጠው፣ ጉዳዩ ግን የታላቅ እህቴ ነው። ዛሬ ጠዋት አንዲት የድሮ ጎረቤታችን በቴሌግራም «የልጅ ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጭልኝ» ብላ ሊንክ ላከችላት። ነካችው። ገጹ መጀመሪያ ስልክ ቁጥር፣ ቀጥሎ ኮድ ጠየቃት። ሁለቱንም ሞላች። ድምፅ የሰጠች መስሏት ስልኩን አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ገባች።

ከምሳ በኋላ ስልኳ ጥሪ በጥሪ ሆነ። አሜሪካ ያለው አጎታችን፣ እስራኤል የገቡት ጎረቤቶቻችን፣ የጽዋ ማኅበሯ ሰዎች፣ ሁሉም «ምን ሆነሽ ነው? የት ሆስፒታል ነሽ?» ይላሉ። ለካ በእሷ ስም ለሁሉም «ሆስፒታል ነኝ፣ ማውራት አልችልም፣ 15 ሺህ ብር ቶሎ አስገቡልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» ተብሎ ተጽፏል። አካውንቱ የማናውቀው ወንድ ስም ነው። «የሐኪሙ ነው» ብሎ አሳምኗቸዋል። ከማኅበሩ አንዷ ልካለች።

ጎረቤታችን ጋ ስንደውል «እኔ ምንም አላክሁም» አለች። የእህቴ ቴሌግራም ግን እሷ ስልክ ላይ አሁንም ይሠራል። ምን እናድርግ? የተላከው ብርስ?

ሽንታ_ቴክ | 9፡52

እሷ ስልክ ላይ የሚሠራ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ግን አሁኑኑ ተነሡ። በምንም ተአምር ሎግ አውት እንዳትል። አፑንም እንዳታጠፋው። ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው፤ ሌባው ደግሞ የሚፈልገው ይኸንኑ ነው።

ምክንያቱን ልንገርህ። አዲስ የገባ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ቀድሞ የነበረውን ወዲያው ማስወጣት አይችልም። ቴሌግራም አንድ ቀን ያህል ያስጠብቀዋል። እህትህ ነባር ስለሆነች እሱን አሁን ማባረር ትችላለች። ሴቲንግ ግቡ፣ ዲቫይስ የሚለውን ንኩ። ከእሷ ስልክ ሌላ የማታውቁት ነገር ታያላችሁ። «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ ንኩት። በቃ፣ ወጣ።

ከዚያ ሳትነሡ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሩ። ፓስወርድ አውጡ፣ የራሷን ኢሜይል አስገቡ። ይህ ካለ ሌላ ጊዜ ኮዱ ቢያመልጣት እንኳ ያለ ፓስወርዱ ማንም አይገባም። ሌባው ቀድሟችሁ የራሱን ፓስወርድ አስገብቶ ካገኛችሁ «ፎርጎት ፓስወርድ» ብላችሁ ሪሴት ጠይቁ። 7 ቀን ያስጠብቃል፤ እስከዚያ እሷ ስልክ ላይ እንደተከፈተ ይቆይ።

አራዳ_ጨርቅ | 10፡05

ተገኘ! አንድ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ነበር። አስወጣነው፣ ፓስወርዱም ገባ። እግዜር ይስጥልን ወንድም።

ሽንታ_ቴክ | 10፡11

አሜን፤ ግን ገና አላለቀም። «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ምን እንዳለ ተመልከቱ። የመታወቂያ ፎቶ፣ ፓስፖርት፣ የባንክ ደብተር፣ ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚያኖረው። ሌባው ከጠዋት ጀምሮ ውስጥ ነበር። ያገኘውን ሁሉ ቀድቶታል ብላችሁ ተነሡ። የሚስጥር ቁጥር ጽፋ ከነበረ ዛሬውኑ ይቀየር።

ለዘመድ ደግሞ በቴሌግራም ብቻ አትጻፉ፣ ደውሉ። ያንኑ የውድድር ሊንክ በእሷ ስም ለሌሎች ልኮ ይሆናል። የጎረቤታችሁም አካውንት የተወሰደው እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም፣ እሷም ዲቫይሷን ትይ።

አንድ ነገር ልጨምር። የመግቢያ ኮዱ በቴሌግራም ውስጥ ለሌላ ሰው ከተላከ ቴሌግራም ራሱ ያመክነዋል። ሌቦቹ ይህን ያውቃሉ። ለዚህ ነው ወይ በራሳቸው ገጽ የሚያስሞሉት፣ ወይ ደውለው «አንብቢልኝ» የሚሉት። በስልክ ኮድ የሚያስነብብ ሰው ካጋጠማችሁ ስሙ ማንም ይሁን ዝጉበት።

ባንክ_ቤት_ውስጥ | 10፡30

የምሠራበትን ባንክ አልጠራም። መደወል ያለባት ብሩን የላከችው ሴት ናት፣ እህትህ አይደለችም። ንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ ቴሌብር ከሆነ 127፣ ኤም-ፔሳ ከሆነ 700። የግብይት ቁጥሩን ይዛ ትደውል። ንግድ ባንክ ደረሰኝ ላይ «ኤፍቲ» ብሎ የሚጀምረው ነው።

ሰው የሚናደድብን ነገር አለ። «አካውንቱን እያያችሁት ለምን አትመልሱልኝም?» ይላል። ባንክ በአንድ ሰው ቃል ብቻ ከሌላው አካውንት ብር አንሥቶ አይሰጥም። ቶሎ ከተነገረው ማገድ ይችላል፤ ለቀሪው የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ደብዳቤ ይጠይቃል። ችግሩ ብሩ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ከአንዱ አካውንት ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ሞባይል ገንዘብ፣ ከዚያ ከወኪል በጥሬው ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ስልክ፣ ቀጥሎ ፖሊስ። ቤተሰብ ሰብስቦ መወያየት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ደግሞ ያ «የማናውቀው ወንድ» ያልከው ሌባው ራሱ ላይሆን ይችላል። አካውንቱን ያከራየ ልጅ ይሆናል።

ማራኪ_ግቢ | 10፡48

እሱስ እውነት ነው። «የባንክ አካውንትህንና ሲምህን ለሳምንት ስጠን፣ 3 ሺህ ብር እንሰጥሃለን» የሚል ነገር ቴሌግራም ላይ ሞልቷል። ለተማሪ ቀላል ብር አይደለም። አንድ የማውቀው ልጅ ሰጠ። ብር ገባ፣ ብር ወጣ። በኋላ ፖሊስ የጠራው እሱን ነው። ስሙም ፎቶውም ፊርማውም የእሱ ነዋ! «ለእገሌ ሰጥቼ ነው» እንዳይል ሰውዬውን ከቴሌግራም ስሙ ሌላ አያውቀውም።

የሥራ ማስታወቂያውም ያው ነው። ዲግሪህን ላክ፣ መታወቂያህን ላክ፣ መታወቂያህን ከፊትህ አጠገብ ይዘህ የተነሣኸውን ላክ። ቀጥሎ የመመዝገቢያ 500 ብር። እዚህ ላይ ሁሉም ይነቃና «አልከፍልም» ብሎ ይተዋል፤ ፎቶው ግን ሄዷል። ያ ዓይነት ፎቶ ብዙ አፕ ላይ አንተ መሆንህን ለማረጋገጥ የሚጠየቅ ነው። ከ500 ብሩ ይልቅ ዋጋ ያለው እሱ ነው።

ጡረተኛው_መምህር | ማታ 1፡20

ልጆች፣ ሳነብ ቆየሁ። እኔ እንደሚመስለኝ መፍትሔው ጥሬ ብር ነው። ድሮ ሌባ ኪስ ነበር የሚገባው፤ ዕድል ከቀናህ እጁን ትይዘዋለህ። የዛሬው መልኩም አይታይ። ጡረታዬን አወጣለሁ፣ በእጄ ቆጥሬ እገዛለሁ። እስኪ ምን ጎደለብኝ?

ቅዳሜ_ገበያ_በርበሬ | 1፡45

ጋሼ፣ ለእርስዎ ይሆናል። ለእኛ ለነጋዴዎቹ ግን አይሆንም። ደንበኛው ሁሉ የሚያወጣው ስልኩን ነው። ጥሬ ብር ብቻ ካልኩ ወደ ጎን ይሻገራል።

የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ሰው በርበሬና ሽሮ አስመዝኖ፣ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ስልኩን ዓይኔ ሥር ደቀነው። ደረሰኙ ቀለሙም አርማውም ልክ ነው። ስሜም አለበት። ወዲያው የእኔም ስልክ ጮኸ፤ «ተቀብለዋል» የሚል ሜሴጅ። ሳየው የላከው ተራ 09 ቁጥር ነው። «ቀሪ ሂሳብዎ» ብሎ የጻፈውም ከእኔ ሂሳብ ጋር ዘመድም አይደለም። «አንዴ ቆየኝ ወንድሜ» ብዬ *127# መታሁ። ብሬ ንቅንቅ አላለም። ቀና ስል ከረጢቱን አውርዶ «ኔትወርክ ነው፣ ከመኪና ጥሬ ብር ላምጣ» አለ። እስካሁን እያመጣ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ነገር ሥር የሰደደው ኔት ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ነው። በ2015 መጨረሻ ክልሉ ላይ የሞባይል ዳታ ሲዘጋ አፕ አይከፈትም። ሰው ሜሴጅ ማመን ለመደ። ግን በኮከብና በመሰላል የሚመታው ያለ ዳታም ይሠራል። ቴሌብር *127#፣ ንግድ ባንክ *889#። ዕቃው ከእጄ ሳይወጣ ሂሳቤን አያለሁ። ደንበኛ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

«በስህተት ብር ልኬብሽ ነው፣ በማርያም መልሽልኝ» ብሎ ለሚደውልም መልሴ ያው ነው። ሂሳቤን አያለሁ። ገብቶ ካገኘሁት እንኳ «በባንክህ በኩል ጠይቅ» እለዋለሁ እንጂ እኔ አልክም።

አዲስ_ገባ_77 | 2፡02

የእኔም እንዲሁ ተወስዶብኝ ነበር። አንድ በጣም ጎበዝ ሃከር በ2 ሰዓት ውስጥ አካውንቴንም የላክሁትንም ብር አስመለሰልኝ። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ታማኝ ነው። በውስጥ መስመር አውሩት። [ሊንኩ በአስተናባሪው ተነሥቷል]

የመድረኩ_አስተናባሪ | 2፡09

ሊንኩን አንሥቻለሁ፣ ሰውዬውንም አስወጥቻለሁ። እንዲህ ያለ ክር በተከፈተ ቁጥር አንድ እንደዚህ ያለ «ምስክር» ይመጣል። የተዘረፈ ሰው የት እንደሚጽፍ ያውቃሉ፣ እዚያው ይጠብቁታል። በውስጥ መስመር «አስመልስላችኋለሁ» የሚል የጻፈላችሁ ካለ ስሙን ላኩልኝ።

ኮፒ_ቤት_ፒያሳ | 2፡40

እኔ ፒያሳ ኮፒና ኮምፒውተር ጽሕፈት ነው የምሠራው። ሰው ሁሉ ስለ ቴሌግራም ያወራል፤ እኔን የሚያስፈራኝ የእኛው ኮምፒውተር ነው። ፓስፖርት፣ የልደት ካርድ፣ ዲፕሎማ፣ ፋይዳ፣ ሰው በቴሌግራም ይልክልናል። እናትማለን፣ ሰውዬው ይሄዳል፣ ፋይሉ ዳውንሎድ ውስጥ ይቀራል። የዓመት ፋይል የተከማቸበት ቤት አውቃለሁ። አንዱ ፍላሽ ሰክቶ ይዞት ቢወጣ ማን ያውቃል?

ከሱ የሚብሰው ደግሞ ሰው ራሱ እኛ ኮምፒውተር ላይ ጂሜይሉን ከፍቶ፣ አሳትሞ፣ ሳይዘጋ መሄዱ ነው። ማታ ሱቅ ስዘጋ በየኮምፒውተሩ እየዞርኩ የሰው ኢሜይል ሎግ አውት አደርጋለሁ። የማያደርግ አለ። ኢሜይልህ ደግሞ የሌላው ሁሉ ቁልፍ ነው፤ የፌስቡክህም የቴሌግራምህም ፓስወርድ የሚታደሰው በእሱ ነው።

ስለዚህ ስትመጡ አትፈሩን። «ፋይሌን አጥፋልኝ» በሉ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ሲያደርግ ቆማችሁ እዩ። የሚከፋ ባለሱቅ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ለአንድ ጉዳይ የምትሰጡት ኮፒ ከሆነ ጽሑፉ ላይ አግድም «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብላችሁ ከነቀኑ በእስክሪብቶ ጻፉበት። የተበላሸውንም ኮፒ ተቀበሉና ይዛችሁ ሂዱ። የተበላሸ ወረቀት እኮ አይጣልም። ቆሎ የገዛሁበት ወረቀት ተገልብጦ ሲታይ የሰው ፓስፖርት ሆኖ አግኝቼ አውቃለሁ፣ ከነፎቶው።

ዲቪ የምትሞሉም አላችሁ። ሲያልቅ የሚወጣውን የኮንፈርሜሽን ቁጥር ራሳችሁ ያዙ። ውጤት የሚታየው በእሱ፣ በቤተሰብ ስምና በትውልድ ዓመት ነው። አንዳንዱ ቁጥሩን ለራሱ ያስቀረውና የደረሳችሁ ዕለት «ይህን ያህል ካልከፈልክ» ይላል፤ የማታውቋትን ሴት «ሚስት አድርገህ ውሰዳት» የሚልም አለ። «ዲቪ ደርሶሃል፣ ብር ላክ» የሚል ኢሜይልም ውሸት ነው። አሜሪካኖቹ ለደረሰው ሰው በኢሜይል አይነግሩም፤ ገጻቸው ላይ ራስህ ገብተህ ነው የምታየው።

ቤሩት_ያለሁት | 4፡15

እኛ ስደት ላይ ላለነው የሚመጣው በኢሞና በዋትሳፕ ነው። «ወንድምሽ ታስሯል»፣ «እማዬ ወድቃለች» ይላል። ርቀን ስላለን እንደነግጣለን፣ ሌባው የሚኖረው በዚያ ድንጋጤ ነው። ቮይስ ሰማሁ ብላችሁም አትመኑ፣ ዛሬ የሰው ድምፅ በኮምፒውተር ይሠራል።

እኛ ቤት አንድ ጥያቄ አለን። ብር ከመላኬ በፊት «የአያታችን ላም ስሟ ማን ነበር?» እላለሁ። ሌባው የእናቴን ስም፣ የተማርኩበትን ትምህርት ቤት፣ ሁሉን ከፌስቡክ ያገኛል። ላሟ ግን ፌስቡክ የላትም። አንዴ ወንድሜ ራሱ ስሟን ረስቶ ብሩ ሳይላክለት ዋለ። ተኮራረፍን። አሁን ከሁላችን በላይ የሚያስታውሳት እሱ ነው።

የአዘዞ_ልጅ | አርብ ጠዋት 2፡30

ጥምቀት ሲደርስ ሌላም አለ። የሰው እንግዳ ማረፊያ ፎቶ ሰርቆ ገጽ ይከፍትና ከአዲስ አበባና ከውጭ ከሚመጡት ቀብድ ይሰበስባል። እንግዳው ጥር 10 ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ ክፍልም የለ፣ ስልክም የለ። ከተማው ሞልቷል፣ የት ይደር? ቀብድ ከመላካችሁ በፊት እዚህ ያለ ሰው ሄዶ ቤቱን ይይላችሁ። ጎንደር ዘመድ የሌለው ማን አለ?

ጎራው | 2፡50

ይሄ ሁሉ ምክር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ፖሊስ ጋ ብትሄድ «ቴሌግራም እኛን አይመለከትም» ብሎ ይመልስሃል። አይቼዋለሁ። ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ሕግ_ያነበበ | 3፡15

ወንድም ጎራው፣ የሚመልስ ሰው አይጠፋም። ሕጉ ግን ይመለከታል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። አንቀጽ 10 ስለ ማጭበርበር፣ አንቀጽ 11 ደግሞ ለብቻው ስለ ኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆት ይናገራል፤ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ያለው ነው። የአዋጁን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈህ ብትቀርብ ንግግሩ ይለወጣል። ካልተቀበለህ ወደ ኃላፊው ግባ። ባንኩ የሚፈልገው ደብዳቤ የሚወጣው ከዚያው ስለሆነ መዝለል አይቻልም።

ማስረጃ አታጥፉ። እህትህ ተናዳ ቻቱን እንዳታጠፋው። የደረሳቸው ሰዎች ሁሉ መልእክቱን ከነሰዓቱ ስክሪንሾት ያንሡ፣ የውድድሩን ሊንክም ሳይነኩ ይቅዱት። ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም በ933 ማሳወቅ ይቻላል።

አራዳ_ጨርቅ | 5፡40

ከባንክ መመለሳችን ነው። የማኅበሯ ሴት ትናንት ማታውኑ ደውላ ነበር። ከ15 ሺው 6 ሺህ ገደማ ሳይወጣ ታግዷል፣ የቀረው ሄዷል። የታገደውን ለማስለቀቅ የፖሊስ ደብዳቤ አምጡ አሉን። ጣቢያ የሕግ_ያነበበን ጽሑፍ ከስልኬ ላይ አነበብኩላቸው፣ ቃላችንን ተቀበሉ። ደብዳቤው ሰኞ ይደርሳል ተብለናል።

ሴቭድ ሜሴጅሷ ውስጥ የፋይዳዋ ፎቶ ተገኝቷል። እሱስ ምን ያመጣል?

ሽንታ_ቴክ | 6፡02

ሁለት ቁጥር አለ። 12 አሃዝ ያለው ዋናው የፋይዳ ቁጥሯ ነው፣ እሱ ለማንም አይሰጥም። ለአገልግሎት የሚሰጠው 16 አሃዝ ያለው ነው። የትኛው ፎቶው ላይ እንዳለ እዩ። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አያስኬደውም፤ ፈቃዷን ለማረጋገጥ ስልኳ ላይ ኮድ ይመጣል። ስለዚህ በሚቀጥሉት ሳምንታት «ከፋይዳ ነው፣ ከባንክ ነው፣ መረጃሽን ላድስልሽ» የሚል ሰው ቢደውል አትገረም። ሙሉ ስሟን ጠርቶ፣ የትውልድ ቀኗን ነግሮ ነው የሚጀምረው። ትዝጋውና ራሷ ወደ ንግድ ባንክ 951 ወይም ወደ ቴሌ 994 ትደውል።

«ይህን ኮድ ምቺ» ካላትም እንዳትመታ። በ*21* ጀምሮ ስልክ ቁጥር አስገብቶ በ# የሚያልቅ ከሆነ ጥሪዋን ሁሉ ወደ እሱ ስልክ ያዞረዋል። መትታው ከሆነ ##002# ያጠፋዋል። ስልኳ ያለ ምክንያት ኔትወርክ አጥቶ ከቆየ ደግሞ ቴሌ ሱቅ ትሂድ፤ ሲሙን ሌላ ሰው በስሟ አውጥቶት ሊሆን ይችላል።

ጡረተኛው_መምህር | 6፡30

የበርበሬዋ ልጄ፣ አሳምነሽኛል፤ ግን እኔ አሁንም በጥሬው ነኝ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ ሽንታ። ቴሌግራሜን ልጄ ነች የከፈተችልኝ፣ በድሮ ቁጥሬ። ያ ሲም ከጠፋ ቆይቷል፣ አላወጣሁትም። ቴሌግራሙ ግን ይሠራል። ችግር አለው?

ሽንታ_ቴክ | 6፡44

አለው ጋሼ። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ያ ሰው ቴሌግራም ልክፈት ሲል ኮዱ በሜሴጅ ወደ እሱ ስልክ ከሄደ የሚከፍተው የእርስዎን ነው። ሌባ መሆን እንኳ አይጠበቅበትም። ሴቲንግ ውስጥ ስልክ ቁጥርዎን ሲነኩት «ቼንጅ ነምበር» ይላል። አሁን የያዙትን ቁጥር ያስገቡ፣ ኮዱ ወደዚህኛው ስልክዎ ይመጣል፣ ቻትዎ አይጠፋም። ከዚያ ፓስወርዱን እንዲያወጡ ልጅዎ ትርዳዎት፤ ወረቀት ላይ ጽፈው ቤት ያኑሩት እንጂ እዚያው ቴሌግራም ውስጥ አያስቀምጡት።